አንዱ ቃሊቲ፣ አንዷ አራት ኪሎ፤ ቤቱ የት ይሁን?

ቤት ለመከራየት የሚዞሩ ባልና ሚስት ከደላላው የሚሰሙት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ድረስ ትችላላችሁ?» የሚል ነው። ቀጥሎ «ስንት መኝታ?» ይመጣል። «ሁለታችሁም የት ነው የምትሠሩት?» ብሎ የሚጠይቅ ደላላ ብዙም አይገጥምም። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ጠዋትና ማታ አብሯቸው የሚኖረው ግን ይሄ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

እሷ አራት ኪሎ አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ትገባለች። እሱ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ወይም እሱ ጀሞ ያስተምራል፣ እሷ ሲኤምሲ ያለ ክሊኒክ ትሠራለች። እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። በአንድ ደመወዝ ኪራይ ከፍሎ መኖር እየከበደ ስለሄደ ሁለቱም መሥራታቸው ግድ ሆኗል። ሥራ ደግሞ በሰፈር ተመርጦ አይገኝም።

ታዲያ የት ይከራዩ? የሚያማክሩት ሰው ሁሉ የሚሰጣቸው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «መሃል ላይ፣ ለሁለታችሁም እኩል የሚሆን ቦታ ፈልጉ።» መልሱ ፍትሐዊ ይመስላል። አንዱ ሌላው ላይ እንዳይጨክን የሚያደርግ ስለሆነ ጥንዶቹም ይወዱታል። በእኔ እምነት ግን ይህ እኩል ርቀት የሚባል ነገር ብዙ ባለትዳሮችን በከንቱ እያደከመ ነው። መፈለግ ያለበት የሁለቱም ጉዞ፣ በተለይም የከበደው ጉዞ፣ በአንድ መኪና የሚያልቅበት ቦታ ነው። ካርታ ላይ መሃል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይህንን አያሟላም።

ቀላል ሂሳብ እንሥራ። ከአራት ኪሎ እስከ ቃሊቲ አንድ መንገድ ዘርግታችሁ አስቡት። ቤቱን በዚህ መንገድ ላይ የትም ብታደርጉት የሁለታችሁ ጉዞ ተደምሮ ያው ነው። ወደ እሱ መሥሪያ ቤት አንድ ኪሎ ሜትር በተጠጋችሁ ቁጥር ከእሱ የቀነሳችሁትን እሷ ላይ ትጨምራላችሁ። ስታዲየም ብትከራዩም፣ ሳሪስ ብትከራዩም፣ የቤተሰቡ ድምር ኪሎ ሜትር አይለወጥም። ስለዚህ ርቀት ብቻውን ቤት አያስመርጥም። ልዩነት የሚያመጣው እያንዳንዳችሁ በቀን ስንት ጊዜ ወርዳችሁ ስንት ሰልፍ ትይዛላችሁ የሚለው ነው።

ታክሲ ተሳፍሮ የሚኖር ሰው ይህንን በደንብ ያውቀዋል። የከተማችን የታክሲ መስመር ከአንድ ትልቅ መነሻ ወደ ሌላ ትልቅ መነሻ ነው የሚሄደው። ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ ፒያሳ፣ ስታዲየምና ለገሃር፣ ቦሌ፣ ሳሪስ። ከእነዚህ በአንዱ አጠገብ የሚኖር ሰው ከቤቱ ወጥቶ አንድ ሰልፍ ይይዛል። በሁለት መነሻዎች መካከል ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው ግን መንገድ ዳር ይቆምና ሞልተው የሚያልፉ ታክሲዎችን ያያል። ወይ መጀመሪያ ወደ መነሻው በሌላ ታክሲ ይመለሳል። ካርታው ላይ ቅርብ የነበረው ሰው በሰዓት ሲለካ ሩቅ ሆኖ ይገኛል።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሜክሲኮ ሄዳችሁ የጀሞን ሰልፍ እዩት። ጫፉ የት እንደሆነ ለማወቅ ራሱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰዉ ስልኩን እያየ ግማሽ እርምጃ፣ ግማሽ እርምጃ ይጠጋል። ሚኒባስ ሲመጣ ተራ አስከባሪው በሩን ይዞ ቆጥሮ ያስገባል፤ ከዚያ ደግሞ ረጅም ዝምታ። ጠብታ ዝናብ ከጣለ ታክሲው ድራሹ ይጠፋል። ሲገኝም ወያላው «እስከ ሳር ቤት ነው!» ይላል። ሳር ቤት ወርዳችሁ ሌላ ታክሲ፣ መካኒሳ ወርዳችሁ ሌላ ታክሲ። አንዱ መስመር ተቆራርጦ ሁለትና ሦስት ሂሳብ ይከፈልበታል። ታሪፉ ከትራንስፖርት ቢሮው እንደወጣ ነው፤ የተቆረጠው መንገዱ ነው። ቤት ስትፈልጉ «ታክሲ አለው» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይገባችኋል። ታክሲ ያለውማ ሁሉም ሰፈር ነው። ጥያቄው በእናንተ ሰዓት፣ ወደ እናንተ መሥሪያ ቤት፣ ሳይቆራረጥ የሚሄድ አለ ወይ ነው።

ከሰልፉ በተቃራኒ መሄድ

መሃል ከተማ መኖር ለሁለት አቅጣጫ ሠራተኞች የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ቅርበት አይመስለኝም። ከሕዝቡ በተቃራኒ መጓዝ መቻል ነው።

ምክንያቱን ሁላችንም የምናየው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ትልልቆቹ ሳይቶች የተሠሩት ከተማው ዳር ላይ ነው። ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ቢሮው ግን ባለበት ቀረ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ አራት ኪሎና አካባቢው ናቸው። ባንኮቹ ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ተደርድረዋል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ረጅም ሕንፃም እዚያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን ካዛንቺስ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከተማው በሙሉ ወደ መሃል ይፈስሳል፣ ማታ ወደ ዳር ይመለሳል።

መሃል የሚኖርና ዳር የሚሠራ ሰው ጠዋት የሚሳፈረው ሰው አራግፎ ወደ ዳር የሚመለሰውን መኪና ነው። ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ ሰልፉ አጭር ነው። ማታ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ መቀመጫ አይጠፋም። ያው መንገድ፣ ያው ርቀት፣ ግን ሌላ ሕይወት ነው። ጀሞ የሚያስተምረው ባል ልደታ ቢከራይ ጉዞው ካርታ ላይ ረዘመ ማለት ይቻላል። በሰዓት ሲለካ ግን መካኒሳ ተከራይቶ ሜክሲኮ ከሚሠራ ሰው ጋር የሚስተካከልበት ቀን ብዙ ነው።

ይህ ለሁሉም አይሠራም። ማታ ባዶውን የሚመለስ ባለታክሲ መሃል ላለው ረጅም ሰልፍ ሲቸኩል መንገድ ላይ ለቆመ አንድ ሰው ላይቆም ይችላል። ቢሆንም ከመነሻ እስከ መነሻ ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሁለታችሁም ከመሃል ወደ ዳር የምትሄዱ ከሆነ፣ አንዳችሁ ወደ ምሥራቅ፣ አንዳችሁ ወደ ደቡብ፣ የመሃሉ ኪራይ ውድ ቢሆንም ቆም ብላችሁ ልታስቡበት ይገባል። አንዳችሁ መሃል፣ አንዳችሁ ዳር የምትሠሩ ከሆነም እንዲሁ። ሁለታችሁም መሃል የምትሠሩ ከሆነ ግን ይህ ክርክር አይመለከታችሁም፤ ያኔ ጥያቄው የኪራይ ብር ብቻ ይሆናል።

አምስቱ ጣቢያዎች

ስለ መሃል ሲወራ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሁለት መስመር ነው። አንዱ ከአያት በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በስታዲየም አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከቃሊቲ በሳሪስ፣ በላንቻ መጥቶ በመርካቶ በኩል ወደ ምኒልክ አደባባይ የተዘረጋው ነው። ሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የጋራዎቹ ጣቢያዎች አምስት ናቸው፦ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ።

ይህ ለጥንዶች ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከእነዚህ አምስት ጣቢያዎች በአንዱ አቅራቢያ የሚኖሩ ባልና ሚስት አንደኛው ወደ አያት፣ ሌላኛው ወደ ቃሊቲ ባቡር ሳይቀይሩ መሄድ ይችላሉ። በከተማው ውስጥ ይህ የሚሆንበት ሌላ ቦታ የለም። ከአምስቱ ጣቢያዎች ወጣ ካላችሁ አንዳችሁ ቀጥታ ትሄዳላችሁ፣ አንዳችሁ ስታዲየም ወይ ልደታ ወርዳችሁ ሌላ ትጠብቃላችሁ። የልደታ ኮንዶሚኒየም ኪራዩ እየተወደደም ተከራይ የማያጣው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ባቡሩን ግን እንደ ድሮው መቁጠር አይቻልም። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ። በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። የቀሩት በሥራ መውጫ ሰዓት እንዴት እንደሚጨናነቁ የተሳፈረ ያውቀዋል። ቤት ስትመርጡ ባቡሩን እንደ ዋና መጓጓዣ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ አማራጭ ብትይዙት ይሻላል። ታክሲ ሲጠፋ የሚያድን፣ መንገድ ሲዘጋ የሚያሳልፍ። አንድ ጉዞ ሁለት አማራጭ ካለው ቤተሰቡ ይተነፍሳል። ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ታክሲውም፣ አውቶቡሱም፣ ባቡሩም ስላለ አንዱ ቢቆም ሌላው አለ። ይህ ነገር ኪራይ ሲተመን በብር አይጻፍም እንጂ ዋጋ አለው።

ሌሎቹን የመሃል ሰፈሮች በዚሁ ዓይን እንያቸው። ጎተራና ላንቻ ለደቡቡ ሰው ጥሩ ናቸው፤ ወደ ቦሌም በወሎ ሰፈር በኩል ይወጣል። አራት ኪሎ ለሚሠራ ግን ስታዲየም ላይ መቀየር አለ። አራት ኪሎና ቀበና ለመንግሥት ሠራተኛው በእግር ናቸው፣ ወደ መገናኛም ቀጥታ ታክሲ አለ። ከዚያ ቃሊቲ ለሚሄደው ግን ጉዞው ቢያንስ ሁለት ታክሲ ነው። ካዛንቺስና ዑራኤል ለቦሌም፣ ለስታዲየምም፣ ለአራት ኪሎም ይመቻሉ። ችግሩ ሌላ ነው፤ ቤቱ የለም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ በመጠነኛ ዋጋ ይከራዩ የነበሩ ብዙ ክፍሎች አብረው ሄዱ። ከዚያ በፊት ፒያሳ ላይም ያው ሆኗል። መሃል ከተማ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍልና ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ መጀመር የለመደው ወጣት ጥንድ አሁን የሚያገኘው በአብዛኛው አፓርታማና ኮንዶሚኒየም ነው። ዋጋውም እንደዚያው።

ኮሪደሩ በሌላ በኩል የሰጠው ነገር አለ። በዋና ዋና መንገዶች የእግረኛው ቦታ ሰፍቷል፣ መብራትም አለው። ቀድሞ በጭቃና በድንጋይ መሃል እየዘለሉ የሚሄዱበት መንገድ ዛሬ በሥራ ጫማ ይኬድበታል። በከተማችን ከሚደረጉት ጉዞዎች ግማሽ ያህሉ በእግር መሆኑ ሲነገር ቆይቷል። ስለዚህ መሃል ላይ ቤት ስትፈልጉ «ከሁለት አንዳችን በእግር መሄድ እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳችሁ ከሰልፍ ከወጣችሁ የቤቱ ችግር ግማሹ ተፈታ ማለት ነው። ቁልቁለቱን ግን አትርሱ። ከተማው ከእንጦጦ ሥር ጀምሮ እስከ አቃቂ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ስታዲየም መውረድ ደስ ይላል፤ ማታ ደክሞ ዘንቢል ይዞ መውጣቱ ሌላ ነው።

ብሩ የት እንደሚሄድ

«መሃል ውድ ነው፣ ዳር ወጥተን በታክሲ እንመላለሳለን» የሚለውን ክርክር በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩበት።

አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለት ታክሲ ይይዛል እንበል፣ እያንዳንዱ 20 ብር። ደርሶ መልስ 80 ብር ነው። በ22 የሥራ ቀን 1,760 ብር። መሃል ቢከራይና በአንድ ታክሲ በ25 ብር ቢሄድ በወር 1,100 ይሆናል። ልዩነቱ 660 ብር ነው። ለሁለት ሰው 1,320። የኪራዩ ልዩነት ደግሞ 5,000 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት ዳር ያሸንፋል፣ ጨዋታው አለቀ።

ግን አላለቀም። ሁለት ነገር ቀርቷል። አንደኛው ማንም በበጀት የማይጽፈው፣ በስልክ የሚጠሩት የራይድና የፈረስ መኪኖች ሂሳብ ነው። ሰልፉ ሲያስመርር፣ ዝናብ ሲመጣ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት ሲያልፍ ሰው ስልኩን አውጥቶ መኪና ይጠራል። በሳምንት ሁለቴ 400 ብር ቢያወጣ በወር 3,200 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ወጪ ቀልድ መሆኑ ቀርቷል። ቤተሰቡ «ኪራይ ቆጠብን» ሲል የቆጠበው ብር በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። አንድ ተጨማሪ ሰልፍ በአንድ ጉዞ ግማሽ ሰዓት ቢበላ፣ በቀን አንድ ሰዓት ነው። በወር 22 ሰዓት። ከሁለት ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ሆኖ ወደ ሦስት ይጠጋል፣ ለአንድ ሰው ብቻ። ይህንን ጊዜ በብር መተመን ከባድ ነው። ከልጅ ጋር የሚጠፋ፣ ከእንቅልፍ የሚቀነስ ጊዜ ስለሆነ ግን ዝም ብሎ ዜሮ አድርጎ ማለፍ አይገባም። ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ «ለአንድ ሰዓት ስንት እንከፍላለን?» ብላችሁ ተነጋገሩ። መልሳችሁ ከጎረቤታችሁ የተለየ ሊሆን ይችላል፣ ልክ ነው።

የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ያለው ሰው ስሌቱን ይገለብጠዋል። የመንግሥት ሠራተኛው በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ መታወቂያውን አሳይቶ በነጻ ይጓዛል። ብዙ ባንኮችና ፋብሪካዎችም የራሳቸው ሰርቪስ አላቸው። ሰርቪስ ያላት ሚስት መነሻው አጠገብ እስከኖረች ድረስ ብትርቅም የሚጎዳት ትንሽ ነው፤ መቀመጫ አላት፣ ሰልፍ የላትም። ያኔ ቤቱ ሰርቪስ ለሌለው ሰው ቢጠጋ ቤተሰቡ ያተርፋል። ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለታችሁም ከየመሥሪያ ቤታችሁ የሰርቪሱን መስመርና መቆሚያዎች ጠይቃችሁ ያዙ። ደላላ ይህንን አይነግራችሁም። ሰርቪስ ያመለጠው ቀን ምን እንደሚደረግም አስቡ፤ ሰርቪስ ለማንም አይቆምም።

ሦስተኛው አቅጣጫ

እስካሁን ስለ ሁለት አቅጣጫ አወራን። ልጅ ካለ አቅጣጫው ሦስት ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ወይም ልጁ የሚውልበት የአያቱ ቤት።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ቤት ሲመረጥ «ለሁለታችንም እኩል ይሁን» ይባልና ልጅ ማድረስና ማምጣት በዝምታ ለእናትየው ይሰጣል። በወረቀት ላይ እኩል የነበረው ጉዞ እሷ ላይ እጥፍ ይሆናል። ጠዋት ልጁን አድርሳ፣ ተመልሳ ታክሲ ይዛ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ መገኘት አለባት። ማታ ከሥራ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። እናትየው በሰዓት ካልደረሰች ሞግዚቷ ወይም አማቷ ትጨነቃለች፣ እሷም ስልኳን አሥር ጊዜ ታያለች። ርቀቱን እኩል ያካፈለው ቤት የማንን ጉልበት እንደጨረሰ በዓመቱ ይታወቃል።

አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ይህንን ጥሩ አድርገው ፈቱት። እሷ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ትሠራለች፣ ተረኛ የምትሆንበት ሌሊት አለ። እሱ ሥራው ሳሪስ ነው። መጀመሪያ መሃሉ ነው ብለው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ሰፈር ተከራዩ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ታክሲ ይይዙ ነበር። በኋላ ሜክሲኮ አጠገብ ጠበብ ያለ ቤት ያዙ፣ አንድ መኝታ ቀንሰው። እሷ አሁን ሥራ የምትሄደው በእግሯ ነው። እሱ ጉዞው ረዘመ፣ ግን በአንድ መኪና ነው፣ ያውም ከሰልፉ በተቃራኒ። ልጁን የሚያደርሰው እሱ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱ በመንገዱ ላይ ስለሆነ። ባሏ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦ «እኔ ሰዓቴን ማስተካከል እችላለሁ፣ እሷ ተረኝነቷን አታስተካክልም።» ይህች ዓረፍተ ነገር ከብዙ የካርታ ስሌት ትበልጥብኛለች። ሰዓቱን መቀየር የማይችለው፣ ጨለማ ላይ የሚመለሰው፣ ልጅ የሚይዘው ሰው መጀመሪያ ይታሰብለት።

ስለ ጨለማ ካነሳን፣ ደላሎች የሚወዷት አንዲት አባባል አለች፦ «ከአስፋልት ትንሽ ገባ ይላል።» ትንሽ የተባለው የሩብ ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። ቀን ስታዩት ሰላማዊ ነው፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት የሌለው፣ በክረምት ጭቃው ጫማ የሚነቅል ሊሆን ይችላል። ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት አምሽታ የምትመለሰው ሰው ራሷ በዚያ ሰዓት ትሂድበት። በእሁድ ከሰዓት የታየ ቤት አልታየም። ሰኞ ጠዋት በሥራ ሰዓት ተነሡና ከዚያ ሰፈር ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ሂዱ። ቢቻል አርብ ማታም ተመለሱ። ሁለት ቀን ያደክማል፤ ሁለት ዓመት ከመድከም ይሻላል።

ሁለት ዓመት ያልኩት በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አከራይ ደስ ባለው ጊዜ ተነሥቶ ዋጋ መጨመር አይችልም። «የስድስት ወር ካልከፈላችሁ» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ቤት ያጣ ሰው ሕግ ጠቅሶ መከራከር እንደሚከብደው ግን አውቃለሁ፤ ከኋላው ሌላ ተከራይ ቆሟል።

አዋጁ ለሁለት አቅጣጫ ጥንዶች የሚያመጣው ለውጥ አለ። ድሮ በየዓመቱ ዋጋ እየተጨመረ ሰው በየጊዜው ስለሚነሣ፣ ቤት እንደ ሥራው ይቀያየር ነበር። አሁን ጥሩ ውል ያገኘ ሰው ባለበት መቆየት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም አዲስ ውል ሲጀመር ዋጋውን የሚወስነው ድርድሩ ነው። አከራዩም በኋላ እንደልቡ መጨመር እንደማይችል ስለሚያውቅ መነሻውን ከፍ ያደርጋል። ቤቱ ከሥራው በላይ ሊቆይ ነው ማለት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሥራ የመቀየር ዕድላችሁ ትንሽ አይደለም፣ በተለይ በግል ድርጅት። ስለዚህ ለዛሬው ቢሮ በር ከሚጠጋ ቤት ይልቅ ወደ ብዙ አቅጣጫ መስመር ያለው መነሻ አጠገብ ያለ ቤት ይመረጣል። ነገ ቦሌ ለሚ ሥራ ብታገኙ፣ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ቢዛወር፣ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ አጠገብ የሚኖር ሰው ሰልፉን ይቀይራል እንጂ ቤቱን አይቀይርም።

በምንም ስሌት የማይፈታ ጥንድም አለ። እሱ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ እሷ ቦሌ ለሚ። ወይም እሷ አስኮ፣ እሱ አቃቂ። የትም ቢከራዩ አንዳቸው ሁለት ታክሲ መያዛቸው አይቀርም። እንዲህ ከሆነ ቤቱን አንዱ በቀጥታ መኪና በሚደርስበት ቦታ አድርጉት፤ ሁለታችሁንም ግማሽ በግማሽ አታንገላቱ። ሁለት ታክሲ የሚይዘው ሰው ደግሞ ለአለቃው የመግቢያ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ማዘዋወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። አንድ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ አንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣት ሁለቱን ሰልፎች አብሮ ያሳጥራል። እምቢ የሚል አለቃ ይኖራል። ብዙው ግን ተጠይቆ አያውቅም፣ ሠራተኛውም አይፈቀድም ብሎ ዝም ብሏል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱ ሰፈሩን ሊቀይረው ይችላል።